በስማችን የሚነገደውን መቶኛ እንቢ እንበል!

የከሚሴ፣ የባቲ፣ የጨፋ ሮቢት፣ የሰንበቴ ልጆች! ምርጫ በቀረበ ቁጥር ስልካችን ላይ «የትኛውን ፓርቲ ትመርጣለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ነካ አድርገን እናልፋለን። ሲነጋ «የዞኑ ሕዝብ በአብላጫው እገሌን መረጠ» የሚል ወሬ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ በርጫው ይዘልቃል። ይህን ሕዝብ ማን ጠየቀው?

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞናችን ከ450 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ደግሞ በግምት ከአምስት ሰው አንዱ ነው። የአርጡማ ፉርሲ ገበሬ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ግመል የሚያወርደው አርብቶ አደር፣ እሑድ ሰንበቴ ቅቤ ይዛ የምትመጣው እናት በዚያ ድምፅ ውስጥ የሉም። ሪያድና ጅዳ ሆነው በምርጫው ቀን ድምፅ መስጠት የማይችሉት ወንድም እህቶቻችን ግን አሉበት። ሦስት ሲም ካርድ ያለው ሰው ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ዞናችን ባለበት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት የተሰበሰበ «የክልሉ ሕዝብ ድምፅ» ቢኖር የማን ድምፅ ይባል ነበር?

ብዛት እውነትን አይተካም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአመዛኙ ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች መዝገብ ነበር፤ ድሃው አልተጠየቀም። የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1997 ሚያዝያ 29 ገዥው ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በሰው ሞላ፤ በማግስቱ ተቃዋሚው ቅንጅትም ሞላው። የመጀመሪያውን ሰልፍ ብቻ ያየ ሰው ምን ብሎ ይተነብይ ነበር? በግንቦት 7 ግን የአዲስ አበባን 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች የወሰደው ቅንጅት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ የጨዋታ አይደለም። መጋቢት 2013 በአጣዬና በዙሪያችን ቤት ሲነድ፣ ሰው ሲሞት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲሸሽ አይተናል። «እዚያ ማዶ ያሉት ሁሉ የእገሌ ደጋፊ ናቸው» የሚል መቶኛ ሰውን በጅምላ መፈረጃ ነው። ከየትም የተለቀመ ቁጥር ለጥላቻ ምስክር ሆኖ እንዲቆም አንፍቀድ።

ይህ ማለት ጥናት ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። አፍሮባሮሜትር የተባለው የአህጉሪቱ የጥናት መረብ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ በኢትዮጵያ የጠየቀው 2,400 ሰው ብቻ ነበር። ሰዎቹ ግን በዕጣ የተመረጡ ናቸው፤ ጠያቂዎቹም ቤታቸው ድረስ ሄደው ፊት ለፊት አነጋግረዋቸዋል። የእነዚህ ጥናቶች መጠይቅ መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልሃል?» የሚል ጥያቄ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠያቂውን የቀበሌ ሰው ነው ብሎ የጠረጠረ፣ የልቡን ሳይሆን የሚያተርፈውን ይመልሳል። ይህን ፍርሃት ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

እንግዲህ እንነሳ!

ማንኛውንም መቶኛ ከማጋራታችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ጠየቀ? ስንት ሰው፣ እንዴት ተመርጦ? መቼ? በኦሮምኛ ወይስ በአማርኛ? መልስ የሌለው ቁጥር ከእጃችን አይለፍ።

የግሩፕ አስተዳዳሪዎች፣ የፓርቲ ድምፅ መሰብሰቢያ ሲለጠፍ ሳትውሉ ሳታድሩ አንሱት፤ ከሥሩ ብሔር እየተጠራ የሚወረወረውን ስድብም አብራችሁ ጥረጉ።

የሒሳብ መምህራን፣ የናሙናን ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ አውርዱት። ተማሪዎቻችሁ በዕጣ በተመረጡ ቤቶች እየገቡ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይጠይቁ፤ ስም ሳይጽፉ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ያገኙትንም ለጠየቁት ሰው መልሰው ያንብቡለት። የሰው እምነት የሚገኘው እንዲህ ነው።

ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣ ያሰበውን የተናገረ ሰው እንዳይነካ ጥላ ሁኑት።

መራጩ ወገን ሁሉ ካርዱን ያውጣ። ቆጠራው ሲያበቃ ውጤቱ የሚለጠፈው በየምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ነው። ሄደን በዓይናችን እንይ፣ ፎቶ እናንሳ፣ በኋላ ከሚታወጀው ጋር እናስተያይ። ኢንተርኔት የሌላት እናት እዚያ ቁጥር ውስጥ እንደ ማናችንም አንድ ናት።

ዛሬውኑ ግሩፖቻችንን ከፍተን አራቱን ጥያቄዎች እንለጥፍ። ሳንጠየቅ ማንም በስማችን እንዳይመልስ፣ ስንጠየቅም ማንም እንዳያስፈራን በአንድ ላይ እንቁም!