ከባሕር ማዶ የተመለሱ ሠራተኞችና የሐይቅ የአምባሰል ሥራ

ከሐይቅ ከተማና ከአምባሰል ገጠር ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሚሄደውም ወጣት ሥራ ጠልቶ አይደለም፤ የአባቱ መሬት ለወንድማማች ተከፋፍሎ ራሱን የማይችልበት ስለ ሆነ ነው። ፈቃድ ያላገኘውም በአፋር በረሓ ወደ ጅቡቲ ወርዶ፥ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ፥ በየመን በኩል ሳዑዲ ዐረቢያ ይገባል። በዚህ መንገድ በጥማትና በስጥመት የጠፋውን ነፍስ ቍጥሩን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

የሳዑዲ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ኒጣቃት የተባለ ደንብ አውጥቶ፥ የንግድ ድርጅቶች ከሠራተኞቻቸው የተወሰነውን ክፍል ከአገሩ ተወላጆች እንዲቀጥሩ አዘዘ። በ2006 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር በጀመረ ጊዜም በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የከብት ጠባቂ፥ የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ የሪያድ ወጣት በዚያው ደመወዝ ይህን ሥራ ይሻማል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

በተመለሱበት አገር ግን ጉዳቱ ከሁለት ወገን ነው፤ ብዙ ሰው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ሥራ ፈላጊው መብዛቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ይላክ የነበረው ገንዘብ ሲቋረጥ የተጀመረው ቤት ያለ ክዳን ይቀራል፤ ግንበኛው፥ አናጢውና ድንጋይ ጫኙም ከአገሩ ሳይወጣ ሥራ ፈት ይሆናል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው በበዛበት ሰዓት ሥራው ያንሳል።

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን ከለከለ፤ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 923ን አወጣ፤ ክልከላውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። አዋጁ በወጣ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል መጨረስን ይጠይቅ ስለ ነበረ፥ ትምህርቱን ያቋረጠው የገጠር ልጅ ወደ ደላላው ማዘንበሉ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በሐይቅ አካባቢ ተጠልለዋል። ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የቀን ሥራ ዋጋ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ አይካድም። ሆኖም እንግዳው እንጀራችንን ወሰደ ማለት በሪያድ የተባለውን በሐይቅ መድገም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ እንደ ተማሩ ካህናቱ ያውቃሉ።

የወረዳ ሹማምንት ተመላሹን በቍጥር ብቻ ሳይሆን በሚያውቀው ሙያ፥ በመኪና መንዳት፥ በብረት ብየዳ፥ በምግብ ሥራ ለይተው ቢመዘግቡት፥ ሥራ ያለውን ከሠራተኛው ማገናኘት ይቀላል። ለደላላ ሊከፍል በሬውን የሚሸጠውን ቤተ ሰብ ግን ከሹም አስቀድሞ የሚያውቀው የነፍስ አባቱ ነው።