ባልም ካርድ ያውጣ

በአገራችን ልማድ ሥርዓተ ተክሊሉ በተፈጸመ ወይም ውሉ በታሰረ ዓመት ሳይሞላው ዘመድ አዝማዱ የሙሽራይቱን ወገብ መመልከት ይጀምራል፤ ጎረቤቱም በዓል በመጣ ቁጥር «እንዴት ነው ነገሩ?» ማለቱን አይተውም፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ ወደ ሴቲቱ እንጂ ወደ ወንዱ ሲወረወር አይሰማም። ይህ ልማድ ከማጀት ተነሥቶ እስከ ሐኪም ቤት ደጃፍ ስለሚከተላት፣ ለምርመራ የምትመጣው ብዙ ጊዜ እርሷ ብቻዋን፣ ወይም እናቷንና እኅቷን አስከትላ ነው፤ ባል ግን ገንዘቡን ከሰጠ ድርሻውን የፈጸመ ይመስለዋል። እኔ የምለው የመካንነት ሕክምና የሁለት ሰዎች ሕክምና ስለ ሆነ፣ ባል በመጀመሪያው ቀን ከሚስቱ ጎን ተሰልፎ የራሱን ካርድ ሊያወጣ ይገባዋል ነው። የቤተ ክርስቲያናችንም ትውፊት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ስለ እመቤታችን ወላጆች ስለ ኢያቄምና ስለ ሐና ሲተረክ ኀዘኑ ለሐና ብቻ አልተተወም፤ ልጅ በማጣቱ የተነቀፈውና አንገቱን የደፋው ኢያቄምም ነበረ።

ሐኪሞች ምርመራ የሚጀምሩት ባልና ሚስት ያለ መከላከያ 12 ወር አብረው ኖረው ፅንስ ሳይገኝ ሲቀር ነው፤ ሚስቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ግን ከ6 ወር በላይ እንድትቆይ አይመክሩም። እዚህ ላይ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። በአጽዋማት ከሩካቤ የሚከለከሉ ምእመናን ብዙዎች ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ስለዚህ «አንድ ዓመት ሞክረናል» የሚሉት ሁሉ በእውነት አንድ ዓመት ሙሉ ሞክረዋል ማለት አይደለምና፣ ይህን ለሐኪሙ ሳያፍሩ መንገር፣ የንስሐ አባታቸውንም ማማከር ይገባቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ዘመን ይህ ችግር እንደሚያጋጥመው ገልጿል። ከሚመረመሩት ባልና ሚስት መካከል በግማሽ ያህሉ ዘንድ ደግሞ ምክንያቱ፣ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጋር ተደርቦ፣ በወንዱ በኩል ይገኛል። እንዲህ ከሆነ የምርመራው ተራ መገልበጡ ያስደንቃል። ወንዱ ከ2 እስከ 7 ቀን ከሩካቤ ተቆጥቦ የዘር ፈሳሹን በንጹሕ ዕቃ መስጠት ብቻ ይበቃዋል፤ በላቦራቶሪ ብዛቱ ይቆጠራል፣ እንቅስቃሴውና ቅርጹም ይታያል፤ ሕመም የለው፣ ወጪውም ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነው። ሴቲቱ ግን በወር አበባዋ ቀን ልክ ደም ትሰጣለች፣ በአልትራሳውንድ ትታያለች፣ ከዚያም ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸውን ለማወቅ በማኅፀኗ መድኃኒት እየተረጨ ራጅ ትነሣለች፤ ይህም የሚያም ነው። ይህን ሁሉ ተቀብላ፣ አንዳንዷም ደግማ ተቀብላ፣ ባሏ ገና የላቦራቶሪ ደጅ ሳይረግጥ የምትገኝ ሴት ጥቂት አይደለችም፤ ይህ ደግሞ በእኔ አስተያየት የአእምሮ ማነስ ሳይሆን የፍርሃት ውጤት ነው። ወንዱ ምርመራው ወንድነቱን የሚመዝንበት መስሎት ይሸሻል፤ ኃይለ ሩካቤና የዘር ብዛት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመኝታው አንዳች ጉድለት የሌለበት ጎልማሳ ዘሩ ጥቂት ወይም ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጉድለቱ ቢገኝም ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው፤ በዘር ፍሬው ዙሪያ ያበጠ ደም ሥር በቀዶ ሕክምና ይታከማል፣ ኢንፌክሽን በመድኃኒት ይድናል፣ ሲጋራም ይተዋል። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ወደ 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ ግን የሕክምናው ፍሬ በሳምንት አይታይም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሐኪሙ ከቀላሉ ይጀምራል፤ ለአንዳንዷ ዕንቁላል የሚያበስል እንክብል ይበቃታል፤ ለአንዳንዱ የባል ዘር ታጥቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ማኅፀን ይገባል። ይህ ያልሆነላቸው፣ ወይም ቱቦዎቿ በቀድሞ ኢንፌክሽን የተዘጉባት፣ አይቪኤፍ ወደሚባለው ይሻገራሉ፤ ይህም በ1978 እ.ኤ.አ. ሉዊዝ ብራውን የተባለችው ሕፃን በእንግሊዝ አገር ከተወለደች ወዲህ በዓለም ሁሉ የተስፋፋ ጥበብ ነው። ሴቲቱ ለ10 ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ ትታያለች፤ ሆዷ ይነፋል፣ ስሜቷም ይለዋወጣል። በመጨረሻ የሚሰጣት መርፌ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ በጥብቅ ይነገራታል፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ በማደንዘዣ ዕንቁላሎቿ ይወሰዳሉና። በዚያው ዕለት የባል ዘር ይቀርባል፤ ዘሩ እጅግ ጥቂት ከሆነ አንዱ ዘር በመርፌ ወደ አንዱ ዕንቁላል እንዲገባ ይደረጋል። ፅንሱ በላቦራቶሪ ከ3 እስከ 5 ቀን ካደገ በኋላ ወደ ማኅፀኗ ይመለሳል። ሆዷ ያለ ልክ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ሽንቷ ቢቀንስ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ ዕንቁላል የሚያፈሩት ክፍሎች በመድኃኒቱ ከመጠን በላይ ሲነቃቁ የሚመጣ አደጋ ነው።

ፅንሱ ከተመለሰ ወዲያ ውጤቱን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ያህል የሚቆየው ጥበቃ ከሁሉ ይከብዳል። የሚወጋ መርፌ፣ የሚታይ አልትራሳውንድ የለም፤ ሴቲቱ ሆዷን እያዳመጠች ታነጋለች፣ ታመሻለች። ባልዋ እስከዚህ ድረስ የመርፌውን ሰዓት ይዞ፣ በየቀጠሮው ተቀምጦ ከቆየ፣ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያስጨንቃት ያውቃል፤ ካልነበረ ግን «አይዞሽ» ማለቱ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነው። የአማቲቱንም ስልክ መመለስ የእርሱ ፋንታ ይሁን፤ እናቱ ናትና።

ውጤቱ ሁልጊዜ መልካም አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ይህን በጥንቃቄ በሚመዘግቡባት በእንግሊዝ አገር እንኳ ከ35 ዓመት በታች ላሉት ሴቶች ወደ ማኅፀን ከሚመለሱት 3 ፅንሶች አንዱ ገደማ ብቻ ነው ለመወለድ የሚበቃው፤ ዕድሜው ከ40 ባለፈ ቁጥርም ተስፋው ፈጥኖ ይወርዳል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል ተከፍቷል፤ ከዚያ በፊት አቅም ያላቸው ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ሲሄዱ፣ የሌላቸው ተስፋቸውን በጠበልና በቁልቢ ስለት ላይ ብቻ ያኖሩ ነበር። ስለቱንም ጠበሉንም የምነቅፍ አይደለሁም፤ ካህኑ መድኃኒቱን አቋርጡ፣ ሐኪሙም ጠበሉን ተዉ እስካላሉ ድረስ ሁለቱ አይጣሉም። በእስራኤል አገር የመንግሥት የጤና መድን ሴቲቱ 45 ዓመት እስኪሞላት ለሁለት ልጆች የአይቪኤፍን ወጪ ይከፍላል፤ እኛ ከዚያ ገና ሩቅ ስለ ሆንን፣ ባልና ሚስት ስንት ጊዜ እንደሚሞክሩና ከየትኛው ገንዘብ በኋላ እንደሚያቆሙ መርፌው ሳይጀመር ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ በኀዘን መካከል የሚደረግ ሒሳብ ቤት ያስሸጣልና።

ለሐኪም ቤቶች አስተዳዳሪዎች የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ልጅ ፍለጋ ለመጣ ቤተሰብ የባልና የሚስት ካርድ በአንድ ቀን ተከፍቶ በአንድ አቃፊ ይያያዝ፤ የባል የዘር ምርመራ ውጤትም በአቃፊው ውስጥ ሳይገኝ ለሚስት የቱቦ ራጅ አይታዘዝ።