የገጠሩ ኢንተርኔት በደጃፉ ይለካ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የገጠር ገመድ አልባ ኢንተርኔት ፍጥነትና ዋጋ የሚለካበትን መንገድ ይመለከታል

በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የተቋቋመው ባለሥልጣን ገበያውን ለውድድር የመክፈትን ከባድ ኃላፊነት ከተረከበ ወዲህ በቴሌኮም ዘርፉ ብዙ ነገር ተለውጧል። ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ብቻ የቆየው አገልግሎት በ2013 ዓ.ም ለሁለተኛ ኦፕሬተር ፈቃድ የተሰጠበት ሲሆን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የአራተኛ ትውልድ አገልግሎቱን ከዋና ከተማው አሻግሮ በርካታ የክልል ከተሞች አድርሶታል። ከአገሪቱ ሕዝብ ሦስት አራተኛው ገደማ የሚኖረው ግን በገጠር ነው። ከአስፋልት ርቆ የሚኖረው አርሶ አደርና አርብቶ አደር ከዚህ ለውጥ ምን ያህል እንደደረሰው ማወቅ የሚቻለው፣ አገልግሎቱ ራሱ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ተለክቶ ውጤቱ ለሕዝብ ሲገለጥ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ባለሥልጣኑ ያንን ልኬት የሥራው ማዕከል እንዲያደርገው ይጠይቃል።

በዘርፉ የተለመደው መለኪያ «የሕዝብ ሽፋን» የሚባለው ነው። ይህም የአንድ ማማ ሞገድ በተወሰነ ጥንካሬ ይደርስበታል ተብሎ በተሰላ ክልል ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ በመቶኛ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ የሚገኘውም በአብዛኛው የማማውን ከፍታ፣ የአንቴናውን ጉልበትና የመሬቱን አቀማመጥ ይዞ ኮምፒውተር ከሚሠራው ስሌት ነው። ስሌቱ ለኔትወርክ መሐንዲስ ዕቅድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በዚያ ክልል የሚኖር ሰው በቤቱ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚጠቀም፣ አንዱን ማማ ምሽት ላይ ስንት ሰው እንደሚሻማው፣ ማማው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አይናገርም። በዋናነት ለድምፅ ጥሪ የሚበቃው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክና ቪዲዮ ማስተላለፍ የሚችለው አራተኛው ትውልድ በአንድ «ሽፋን» ስም ተደምረው ሲቀርቡ ደግሞ ቁጥሩ ለገጠሩ ነዋሪ «ላም አለኝ በሰማይ» ከመሆን አያልፍም።

ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። የኢንተርኔት ፍጥነት በሴኮንድ በሚተላለፍ ሜጋ ቢት የሚለካ ሲሆን፣ የአንድ ፋይል መጠን የሚነገርበት ሜጋ ባይት 8 ሜጋ ቢት ነው። 20 ሜጋ ባይት የሚመዝን አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር በ16 ሴኮንድ ይወርዳል፤ በሴኮንድ 100 ኪሎ ቢት ብቻ በሚሰጥ የሁለተኛው ትውልድ መስመር ግን ያው መጽሐፍ 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ በመካከሉ መስመሩ ከተቋረጠም ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ይሆናል። በሁለቱም ቦታ ስልኩ ኔትወርክ እንዳለው ያሳያል፣ በሁለቱም ቦታ የሚኖረው ሰው «ተሸፍኗል» ተብሎ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር ደግሞ ለገመድ አልባ አገልግሎት የሚራራ አይደለም። ዝቅተኛ የሚባሉት ከ700 እስከ 900 ሜጋ ኸርትዝ ያሉት ሞገዶች ርቀው ይጓዛሉ፣ ግድግዳንም በተሻለ ያልፋሉ፣ የመሸከም አቅማቸው ግን ውስን ነው፤ ከ1800 እስከ 2600 ሜጋ ኸርትዝ ያሉት ብዙ መረጃ ይሸከማሉ፣ ሆኖም ቶሎ ይደክማሉ። በመንዝ አምባዎች፣ በዋግ ሸንተረሮችና በዓባይ ሸለቆ ዳርቻዎች በወረዳው ከተማ የቆመ ማማ ከገደሉ ማዶ ያለውን ቀበሌ በዓይን እያየ ሞገዱ ግን ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። በሚደርስበትም ቦታ ቢሆን የቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ የተረፈውን ጉልበት ስለሚቀንሱት፣ ቤተሰቡ ስልኩን በበሩ መቃን ወይም በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ሆትስፖት ከፍቶ ከውስጥ ይጠቀማል፤ ካልሆነም ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ መውጣት የዕለት ሥራ ይሆናል። የአካባቢው ሰው የትኛው ድንጋይ ላይ ሲቆም ዳታ እንደሚሠራለት ያውቃል፤ በኦፕሬተሩ ካርታ ላይ ግን ቀበሌው በሙሉ አንድ ቀለም ተቀብቶ ይታያል።

ጉዳዩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት ይጠበቅ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእናቶችንና የሕፃናትን መረጃ በታብሌት መዝግባ መስመር ስታገኝ እንድትልክ የሚያደርግ ሥርዓት በሥራ ላይ ነው፤ መስመሩ በዘገየ ቁጥር ወረዳው ስለ ቀበሌው የሚያውቀው ነገርም ይዘገያል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በኢንተርኔት ይታያል፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባም እንዲሁ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ወደ ባንክና ወደ ሌሎች አገልግሎቶች እየገባ ነው። መንግሥት አገልግሎቱን ወደ ኢንተርኔት ባዛወረ መጠን መስመሩ የሌለው ዜጋ ከኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን ከመንግሥቱም እየራቀ ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የነጻ ስልክ መስመር ብዙ ሰው ጋ ሊደርስ የቻለው በተራ ስልክ፣ በድምፅና በአገር ቋንቋዎች ስለሚሠራ ነበር፤ ያ መስመር የተሠራው ገጠሩ በእርግጥ በእጁ ያለውን ነገር መነሻ አድርጎ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጡት የዲጂታል አገልግሎቶች ሁሉ ግን ይህን ጥንቃቄ ይዘዋል ማለት አይቻልም።

ወደ ዋጋው ሲመጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያስቀመጠው ግብ አነስተኛው የብሮድባንድ ጥቅል ከአንድ ሰው አማካይ ወርኃዊ ገቢ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚል ነው። መለኪያው መልካም ቢሆንም በአገር አቀፍ አማካይ ሲሰላ የከተማው ገቢ የገጠሩን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ባለሥልጣኑ የገጠር ቤተሰብን ገቢ ለብቻው ይዞ ቢያሰላው እውነተኛውን ጫና ያገኘዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ መቀነሱ ዋጋ በውሳኔ ሊወርድ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ከውጭ የሚገቡ የኔትወርክ ዕቃዎችንና ስማርት ስልኮችን ማስወደዱ የሚካድ አይደለም፤ ይህ ግን ስለ ጥቅሎች አሠራር የሚነሳውን ጥያቄ አይመልስም።

ጥያቄውም ይህ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው የወር ጥቅል በጅምላ ሲገዛ ለእያንዳንዱ ሜጋ ባይት ትንሽ ይከፍላል፣ በእጁ ጥቂት ብር ብቻ ያለው ደግሞ የዕለት ጥቅል እየገዛ ለዚያው ሜጋ ባይት ብዙ ይከፍላል፣ ሳይጠቀምበት ቀኑ ካለፈም ይቃጠልበታል። የደቡብ አፍሪካ የውድድር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባወጣው የዳታ ገበያ ምርመራ ይህንኑ በድሆች ላይ የሚወድቅ ልዩነት አጋልጦ፣ ቮዳኮም በቀጣዩ ዓመት የ1 ጊጋ ባይት የወር ጥቅሉን ከ149 ራንድ ወደ 99 ራንድ እንዲያወርድ ምክንያት ሆኗል። በኢትዮጵያ ገጠር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። የአርሶ አደሩ ገንዘብ የሚመጣው በየወሩ ሳይሆን እህሉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው፤ በክረምቱ፣ ማለትም ልጁ ውጤቱን ለማየትና ለዩኒቨርሲቲ ለመዘጋጀት ዳታ በሚፈልግበት ወቅት፣ ቤቱ በጣም የተራቆተ ነው። በጥር የተገዛ ጥቅል እስከ መስከረም የሚቆይበት፣ ያልተበላው ዳታ የማይቃጠልበት የገጠር ታሪፍ ኦፕሬተሩን እምብዛም አያከስረውም፣ ለቤተሰቡ ግን የዓመቱን አጠቃቀም ይለውጠዋል። ባለሥልጣኑ ታሪፍ የመመርመር ሥልጣኑን ከዚህ ቢጀምር ተገቢ ነው።

መሣሪያን በተመለከተ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይደረስበታል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ነገር ግን በትምህርት ቤት፣ በጤና ኬላ ወይም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ጣሪያ ላይ ወደ ማማው አቅጣጫ የተስተካከለ የውጭ አንቴና ቢተከል፣ በእጅ ያለ ስልክ ያላገኘውን ሞገድ ሊይዝና በዋይፋይ ለአካባቢው ሊያካፍል ይችላል፤ ይህም ቋሚ ገመድ አልባ አገልግሎት የሚባለው ነው። ማማ ማቆም ጨርሶ በማያዋጣበት ቦታ ሳተላይት ይተካዋል። አገሪቱ ትምህርት ቤቶችንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ባገናኙት በስኩልኔትና በወረዳኔት ፕሮጀክቶች ዘመን የተጠቀመችባቸው ሳተላይቶች ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀው ስለነበሩ ምልልሱ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይዘገይ ነበር፤ ዛሬ በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ የሚዞሩት ግን ያንን ችግር በአብዛኛው አቃለዋል፣ ጎረቤት ኬንያም ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ስታርሊንክን በገበያዋ አስተናግዳለች። ዋጋው ለአንድ ገበሬ ቤት ባይመችም፣ ለአንድ ትምህርት ቤትና በዙሪያው ላለው መንደር በጋራ ሲከፈል ሚዛኑ ይለወጣል፤ የፈቃድ አሰጣጡም ይህንን የጋራ አጠቃቀም ታሳቢ ሊያደርግ ይገባል። በኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች ላይ የተዘረጋው ፋይበርም በየገጠሩ ሰማይ ላይ እያለፈ ስለሆነ፣ ኦፕሬተሮች በተመጣጣኝ ኪራይ እየጠለፉ ወደ ማማዎቻቸው እንዲያወርዱት ማድረግ አዲስ መስመር ከመቆፈር ይቀላል።

ስለ አስተማማኝነት ሲነሳ በዝምታ የማይታለፍ ነገር አለ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። ማማ ነዳጅ አልቆበት የጠፋበት ሰዓትም ሆነ በትእዛዝ የተዘጋበት ወር በአገልግሎት መቋረጥ መዝገብ ላይ እኩል ካልሰፈረ፣ የገጠሩ ነዋሪ ለከፈለበት ጥቅል ምን እንዳገኘ የሚናገር ቁጥር አይገኝም።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ የእያንዳንዱን ቀበሌ የኔትወርክ ትውልድ፣ በምሽት ሰዓት የተለካ ፍጥነትና የመቋረጥ ጊዜ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጅቶ በአገር ቋንቋዎች እንዲያትም፣ ለገጠር ኢንተርኔትም ቢያንስ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት የሚል ወለል እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። ካርታው በነዋሪው ሊሞገት መቻል አለበት። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ያወጣው የብሮድባንድ ካርታ ማንኛውም ሰው በአድራሻው የተመዘገበው አገልግሎት እውነት እንዳልሆነ በማስረጃ እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ማስተባበሉ ወይም ማስተካከሉ የኩባንያው ፈንታ ነው። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሌለው ሰው በኢንተርኔት እንዲያመለክት ሊጠየቅ ስለማይችል፣ አቤቱታው በነጻ የጽሑፍ መልእክት ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በኩል ቢቀርብ ይሠራል። ለሁለንተናዊ ተደራሽነት፣ ማለትም ገበያው ብቻውን ለማይደርስባቸው አካባቢዎች ድጋፍ የሚውል የሕዝብ ገንዘብም በዚህ ካርታ ላይ ባዶ ሆነው ለተገኙት ቀበሌዎች በቅድሚያ እንዲመደብ፣ ክፍያውም ማማው በቆመ ዕለት ሳይሆን ወለሉን የሚያሟላ ፍጥነት በተከታታይ መሰጠቱ ሲረጋገጥ እንዲፈጸም ያስፈልጋል።

ሥራው በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ እንዲጀመር አይጠበቅም። ከደጋ፣ ከቆላና ከአርብቶ አደር አካባቢ አንዳንድ ወረዳ ተመርጦ ልኬቱ በመጪው ጥቅምት ቢጀመር፣ የመጀመሪያው ውጤት ቀጣዩ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከሚለቀቅበት ጊዜ በፊት ሊታተም ይችላል።