ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት

የላስታ ጠጠር መንገድ ለመኪና ቀለም አይራራም። ከፊት የሚሄደው አይሱዙ ያስፈነጠራት ጠጠር ኮፈኑን ነክታ ታልፋለች፤ ባለመኪናውም «ምን አላት፣ ትንሽ ናት» ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ መያዝ ያለባት ትንሽ ሳለች ነው።

ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የላሜራው ልብስ ነው። ላሜራው ከተራቆተ እርጥበትና አየር ያዝጉታል፤ ዝገቱም በቀለሙ ስር ይሰፋል። ከላሊበላ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው ነአኩቶ ለአብ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ የድንጋይ ገንዳ ይሞላል። ዝገትም እንዲሁ ነው፤ ሳይታይ ይጠራቀማል።

ቲክቶክ ላይ «በጥርስ ሳሙና እሹት» የሚል ምክር አይጠፋም። የላይኛውን ቨርኒሽ ብቻ የነካ ጭረት ሊደበዝዝ ይችላል፤ ላሜራ ያሳየ ቁስል ግን በሳሙና አይሸፈንም። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሳልፉ። ካልያዘው ፖሊሽ ይበቃዋል። ከያዘው እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ አንቲረስት ቀቡት። ከዚያ ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ ስስ ስስ አድርጋችሁ ደራርቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትጨምሩ። መጨረሻ ላይ ቨርኒሽ። የቀለሙን ኮድ በብዙ መኪኖች የበሩ ፍሬም ላይ ታገኙታላችሁ።

«የባለሙያ እንጀራ መንጠቅ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም፤ ላሜራው ከታጠፈ ቦታው ባቲላሜራ ቤት ነው። ለሹፌር ግን መኪናው ራሱ እንጀራው ነው። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ስጡት።