የወጣት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ስለ ነገሥታትና ስለ ገዳማት ብቻ የተነገረ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ትምህርት ቤትም ይረሳል። መምህራኑ ይዛወራሉ፤ ተማሪዎቹ ተመርቀው ይበተናሉ፤ መዝገቡንም ምስጥ ይበላዋል። አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማሪዎች መዝገብ ዝናብ በሚያፈስ መጋዘን ተከምሮ በስብሶ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አስከትለው መጡና፣ «በዚህ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከገቡት ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ፤ እስቲ ስሜን ለልጄ አሳዩልኝ» አሉን። የምናሳያቸው ገጽ ግን አልነበረንም። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ግቢውን ዞር ዞር ብለው አይተው ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ የትምህርት ተቋም የራሱን ታሪክና የአካባቢውን ቅርስ ሰብስቦ በዐውደ ርእይና በንግግር ለሕዝብ ማቅረብ ከግዴታዎቹ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህም ግዴታ በቱሉ አውሊያና በቦረናዋ ከተማ በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉትን መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ወጣት ተቋሞችን ይበልጥ ይመለከታል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ትናንት የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ምን ታሪክ አለውና ነው የሚያከብረው?» ይላሉ። አነጋገሩ እውነት ይመስላል፤ ሆኖም ታሪክ የሚጠፋው በእርጅና ጊዜ ሳይሆን በልጅነት ጊዜ መሆኑን ይዘነጋል። ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበሉት መምህራን፣ መሬታቸውን ለግቢው የለቀቁት ገበሬዎች፣ ድንጋዩን የጠረቡት ግንበኞች በሕይወት አሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እነርሱን የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ መልስ የሚሰጠው አያገኝም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህ ተቋም በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ሥራ ሲጀምር እርሱም ወጣት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ሰጡት፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። ተቋሙ መጻሕፍትን፣ የብራና ጽሑፎችን፣ ሥዕሎችንና የየብሔረሰቡን ዕቃዎች ገና ከማለዳው መሰብሰብ በመጀመሩ፣ ዛሬ በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ቤተ መዘክር ያገር ልጅም እንግዳም ይጎበኘዋል። ግቢውም ራሱ መጽሐፍ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ቅጥር ውስጥ ነው። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለውን የሲሚንቶ ደረጃ የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲያስቆጥር ነበር ያሰቡት። ከነጻነት በኋላ ግን በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ይህን የሚያስረዳው ሰው ያላገኘ ተማሪ ግን በደረጃው አጠገብ አራት ዓመት ሲመላለስ ቢኖር ከሲሚንቶ በቀር የሚታየው ነገር የለም። ዐውደ ርእይና ንግግር የሚያስፈልጉት ስለዚህ ነው።

ታሪክን ማክበር ማለት ግን ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ ማሳየት አይደለም። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገድሏል፤ በቀይ ሽብርም ዘመን ብዙ ተማሪዎች አልቀዋል። ይህን የሚሸሽግ ዐውደ ርእይ ጌጥ ይሆን እንደሆነ እንጂ ታሪክ አይሆንም።

ወደ ወሎ ደጋ እንመለስ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የተሸከመው ስም ከባድ ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት በመቅደላ አከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠውተው አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ፣ ንብረቱ ተዘረፈ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ወደ ለንደን ተወሰዱ። እነዚህ መጻሕፍት ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የንጉሡ የፀጉር ዘለላ እንኳ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በአምባው ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ የነዚያን መጻሕፍት ቅጂ በአንድ ክፍል ውስጥ አኑሮ ለአካባቢው ልጆች ማሳየት ቢችል፣ የመመለሱን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎችን በዕውቀት ያስታጥቃል።

የአካባቢው ቅርስ በዚህ አያበቃም። የሳይንቷ ተድባበ ማርያም አለች። የወሎ መንዙማ አለ። በቦረና ሳይንት ወረ ሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ፣ አስታና ጅብራ አሉ። ሞፈርና ቀንበሩ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው በርኖስ፣ የሸማኔው መወርወሪያም አሉ። የመርጌታውና የሼኩ፣ የገበሬውና የሸማኔዋ ዕውቀት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ቢነገር፣ ሕዝቡ ዩኒቨርሲቲውን አጥር ያለው የመንግሥት ግቢ ብቻ አድርጎ ከማየት ይላቀቃል፤ የራሱም ያደርገዋል።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ቤተ ሙከራው ሳይሟላ ስለ ድሮ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ገንዘቡ ለድግስ፣ ለባነርና ለረዥም የእንኳን ደስ አላችሁ ንግግር የሚውል ከሆነ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ነገር ግን ዝናብ የማያስገባ አንድ ክፍል፣ የዕቃው ስምና የሰጪው ስም የሚመዘገብበት ደብተር፣ በወር አንድ ጊዜም አንድ አዋቂ ለተማሪዎች የሚናገሩበት ሰዓት ቤተ ሙከራውን አያስቀሩም። ከዚህም ጋር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ በሌላ ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴው ወሎ ዩኒቨርሲቲና የወልድያው ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል። በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ወሎ ከመቅደላ እስከ ዘመናችን ደጋግሞ አይቶታል።

እናንተም ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ ድረስ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የምትማሩበት ትምህርት ቤት መቼ ተከፈተ? የመጀመሪያው መምህር ማን ነበሩ? ደወሉን ማን ሰቀለው? በሠፈራችሁ ያሉትን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምራችሁ ጻፉት። ምናልባት አንድ ቀን አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ስማቸውን ይጠይቁ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚገለጠው ገጽ የናንተ ይሁን።