መተግበሪያው ከጓሮ ይጀምር
ምግብ እንዳይባክን የሚረዳ የስልክ መተግበሪያ ለይርጋጨፌ የሚነድፍ ሰው ጥናቱን ከምግብ ቤት ሳይሆን ከገበሬው ጓሮ ቢጀምር ይሻላል። ኮፐንሃገን የተወለደው ‹ቱ ጉድ ቱ ጎ› የተባለ መተግበሪያ ከምግብ ቤትና ከዳቦ ቤት ሳይሸጥ የተረፈ ምግብ በቅናሽ ያሻሽጣል፤ ይርጋጨፌ ባለበት ጌዴኦ ግን የሚያሳስበው ገበያ ሳይደርስ የሚበላሸው አቮካዶ ነው። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ሲልም ለዓመታት፤ የበሰለ አቮካዶ ሳምንት አይታገስም። ስለዚህ መተግበሪያው ሊያውቅ የሚገባው ማን መቼ እንደሚለቅም፣ ወደ ዲላ የሚወርደው የትኛው መኪና ባዶ ቦታ እንዳለው ነው። ገበሬው ስማርት ስልክ የለውም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም 8028 የተባለው የስልክ መስመር የእርሻ ምክርን በተራ ስልክ፣ በድምፅ ማድረስ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከቀበሌ ወደ ሞያሌ እስከሚወስደው አስፋልት ያለውን ጭቃ ግን ስልክ አይጠርገውም፤ ይህ ተቃውሞ ይከብዳል፣ መንገዱም የግድ ነው። መተግበሪያውን ሊሠሩ የሚችሉት የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን መንገዱን ሳይጠብቁ፣ ኮድ ከመጻፋቸው በፊት አንድ የለቀማ ወቅት ሙሉ ጓሮውና ገበያው ውስጥ ይዋሉ።