ከዋጋው አስቀድሞ ክብደቱ ይጠየቅ
ስለ ጣራ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ አነሣስና አተካከል

የሞያሌ ከተማ አንዱ ወገኗ በኢትዮጵያ፥ ሌላው ወገኗ በኬንያ ግዛት ሆኖ ለብዙ ዘመን የነጋዴና የከብት አርቢ መገናኛ ሆና ኖራለች። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። ከኢሲኦሎ እስከ ሞያሌ ያለው፥ ርዝመቱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድም አስፋልት ስለ ለበሰ፥ ቀድሞ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው የጭነት ጉዞ እጅግ አጥሯል። መንገድና ጉምሩክ በተስተካከሉበት ስፍራ ሁሉ መጋዘን፥ ባንክ፥ ሆቴልና መሥሪያ ቤት መከተላቸው የታወቀ ነው፤ በቆላ አገር ደግሞ እነዚህ ሁሉ ቀዝቃዛ አየር ይፈልጋሉ። የምጽዋንና የአሰብን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ክፍል ብቻ ለማቀዝቀዝ በግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሹ መሣሪያ ይበቃል። ሰፊ አዳራሽ ወይም ትልቅ መደብር ያለው ሕንጻ ግን ብዙ ጊዜ መጭመቂያው፥ ማራገቢያውና ሌላው ዕቃው ሁሉ በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ የተገጠመለትን ትልቅ መኪና በጣራው ላይ ያስተክላል። በኬንያው ወገን ባለችው በቦሪ የሚነግድ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማስመጣት ቢያስብ፥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን፥ ቀጥሎም ቀረጡንና የመኪና ኪራዩን ነው። ዕቃው በምን ዘዴ ወደ ጣራ እንደሚወጣ የሚጠየቀው፥ ከተጠየቀ፥ መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። አደጋው የሚወለደው ከዚህ ቅደም ተከተል መዛባት ነው።

ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት የቃል ስሕተት አለ። በማቀዝቀዣ ንግድ «ቶን» የሚባለው የዕቃው ክብደት አይደለም። ቃሉ የመጣው በበረዶ ይነገድ ከነበረበት ዘመን ሲሆን፥ አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት የሚያህል የማቀዝቀዝ ኃይል ማለት ነው፤ ይኸውም ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይሆናል። ስለዚህ የ10 ቶን ማቀዝቀዣ ተብሎ የሚሸጠው መኪና ክብደቱ 5 ወይም 6 ኩንታል አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ የ50 ቶን የሚባለው ደግሞ ከ20 ኩንታል በላይ ይመዝናል። በደረሰኝ ላይ ያለውን ቶን ብቻ አይቶ ማንሻ የሚከራይና ጣራ የሚመርጥ ሰው በማይገናኙ ሁለት ነገሮች ላይ ይፈርዳል። እውነተኛው ክብደት የሚገኘው በአምራቹ መግለጫና በዕቃው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ነው።

ክብደቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የሚሸከመው ማን ነው የሚል ነው። በእንጨት ላይ የተመታ የቆርቆሮ ጣራ ዝናብና ፀሐይ ሊከላከል እንጂ ኩንታሎችን ሊሸከም አልተሠራም። የአርማታ ጣራም ቢሆን ክብደቱ በመካከሉ ባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን፥ በብረት መቀመጫ አማካይነት ወደ አግዳሚዎቹና ወደ ዓምዶቹ ሊተላለፍ ይገባዋል። ይህን የሚወስነው ሕንጻውን የሚያውቅ መሐንዲስ እንጂ ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ አይደለም።

ለዚህ ነገር አክሱም ጥሩ አስተማሪ ናት። ቁመቱ 33 ሜትር የሚያህለው፥ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ የሚገመተው ታላቁ ሐውልት ዛሬ ተሰባብሮ ተጋድሟል። ብዙ ሊቃውንት የወደቀው በሚቆምበት ጊዜ ወይም ከቆመ በኋላ ሳይቆይ እንደ ሆነ ይገምታሉ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ መሠረቱ ለክብደቱ አለመመጠኑ ነው ይላሉ። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የተወሰደው፥ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት ግን በሌላ ሥርዐት ተመለሰ። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ሆኖ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ፤ ዳግመኛ ሲተከልም አጠገቡ የቆመው ሌላው ሐውልት በሥራው ንዝረት እንዳይናጋ አስቀድሞ በድጋፍ ተያዘ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። የማቀዝቀዣው መኪና ከሐውልቱ ጋራ በመጠን አይወዳደርም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ከማንሣት በፊት የሚቀበለው ስፍራ ይዘጋጃል።

ክሬን የተባለውን የዕቃ ማንሻም ስሙ ሊያታልል ይችላል። 25 ቶን ያነሣል የሚባለው ክሬን ይህን ያህል የሚያነሣው ክንዱን አሳጥሮ ጭነቱን በአጠገቡ ሲይዝ ብቻ ነው፤ ከመንገድ ዳር ቆሞ ክንዱን ወደ ሕንጻው መካከል በዘረጋ መጠን ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። እግሮቹም በጠንካራ መሬት ላይ፥ ከሥራቸው ወፍራም ሳንቃ ተነጥፎ መቆም አለባቸው፤ በጉድጓድና በፍሳሽ ቦይ አጠገብ ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር የሚቆም ክሬን ለባለቤቱም ለመንገደኛውም ጠንቅ ነው።

የማንጠልጠያው ገመድ አያያዝም እንዲሁ ስሌት አለው። ክብደቱ 600 ኪሎ የሆነ ዕቃ በሁለት ገመድ ቢንጠለጠል፥ ገመዶቹ ከአግድም 60 ዲግሪ ቀና ሲሉ እያንዳንዱ 350 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ወደ 30 ዲግሪ ቢዘረጉ ግን እያንዳንዱ 600 ኪሎ ይሸከማል። ስለዚህ ገመዱ እንዳይዘረጋና የሣጥኑን ጎን እንዳይጨፈልቅ፥ ከላይ እንደ ቀንበር ያለ የብረት ዘንግ ይደረጋል፤ ማሰሪያውም አምራቹ ባዘጋጀው ቀዳዳ ብቻ ይገባል። መጭመቂያው ያለበት ወገን ስለሚከብድ፥ ዕቃው ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ማዘንበሉና አለማዘንበሉ መታየት አለበት።

ነፋስም የማይናቅ ባላጋራ ነው። የኬንያው ሞያሌ በሚገኝበት በማርሳቢት አውራጃ፥ ከከተማው ርቆ በቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ፥ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 365 የነፋስ መኪናዎች የተተከሉት በዚያ አገር ነፋሱ ብርቱ ስለ ሆነ ነው። ሰፊ ጎን ያለው የብረት ሣጥን በአየር ላይ ሲንጠለጠል እንደ ሸራ ነፋስ ይቀበላል። ነፋስ ሲበረታ ሥራውን ለሌላ ሰዓት ማዛወር ከስንፍና አይቆጠርም።

ሥራው ብዙ እጅ ቢፈልግም ትእዛዙ ግን ከአንድ አፍ መውጣት አለበት። ለክሬኑ ነጂ ምልክት የሚሰጠው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን፤ «ቁም» የሚለውን ምልክት ግን አደጋ ያየ ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ከጭነቱ ሥር ማንም አይለፍ፤ በጣራው ጠርዝ የሚሠራውም ሰው በመያዣ ቀበቶ ይታሰር።

በወሰን ከተማ ትልቁ ሥጋት ኃላፊነት በሁለት አገር መካከል መውደቁ ነው። ሻጩ በአንድ ወገን፥ ክሬኑ በሌላ ወገን፥ ሠራተኛው ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን በሁለቱም ወገን አለ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ሕግ የማንሻ መሣሪያዎች በተፈቀደለት መርማሪ እንዲመረመሩ ያዛል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በመርሕም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል።

ክሬን ከሩቅ ማስመጣትና መሐንዲስ መጠየቅ ወጪ ያበዛል፤ ሃያ ብርቱ ሰዎችና አንድ ጠንካራ ገመድ ይበቃሉ የሚል ክርክር እንደሚነሣ አይጠረጠርም። ወጪው እውነት ነው፤ ነገር ግን ገመዱ ቢበጠስ የሚጠፋው የአንድ ቤተ ሰብ አሳዳሪ ነው፥ ለዚህም የሚተካ ዕቃ በየትኛውም ገበያ አይገኝም። ወጪውን መቻል ያቃተው ነጋዴ መኪናውን በመሬት ላይ በአርማታ መቀመጫ ማስተከል ወይም ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ማቀዝቀዣዎች ማካፈል ይችላል። ጣራው ግዴታ አይደለም።

እንግዲህ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም የሚበጀው፥ ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮች በጽሑፍ መስፈራቸው ነው፤ የዕቃው ክብደት፥ ጣራው እንደሚችል የመሰከረው መሐንዲስ፥ የማንሻው የምርመራ ወረቀት፥ በዕለቱም ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ስም። ከአራቱ አንዱ የጎደለበት ዕቃ፥ እስኪሟላ ድረስ በመጋዘን ይቆይ።